የክረምት እርጥበትና የቤት ጽዳት

የሰኔ ዝናም ከጀመረ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በየቤታችንና በየመኝታ ክፍላችን አንድ ያልተጋበዘ እንግዳ ይገባል። መጀመሪያ የሚታወቀው በጠረኑ ነው። ቀጥሎ በኮርኒሱ ማዕዘን እንደ ቀለም ነጠብጣብ ያለ ጥቁር ምልክት ይታያል፤ ከአልጋው ኋላ ያለው ግድግዳ ይወይባል፤ በሳጥን የተቀመጠው ጫማ አረንጓዴ ጸጉር ያበቅላል፤ መጽሐፉም ሲገለጥ ይሸታል። ይህ እንግዳ ሻጋታ ነው።

ሰዎች ይህን ሲያዩ ሁለት ዓይነት መልስ ሲሰጡ እንሰማለን። አንዱ «ክረምት ነው፤ ምን ይደረጋል?» ብሎ መስከረምን ይጠብቃል። ሁለተኛው ደግሞ ከሱቅ አንድ ጠርሙስ በረኪና ገዝቶ በግድግዳው ላይ ያፈስሳል። የመጀመሪያው ስንፍና ነው። ሁለተኛው ትጋት ቢሆንም ጠላቱን ያላወቀ ትጋት ነው። በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የፈለግነው ሦስተኛ መንገድ እንዳለ ነው። ይህ መንገድ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ሳንባንም ወንዝንም አይመርዝም፤ ጥቂት ማስተዋል ግን ይፈልጋል።

ሻጋታ ምንድን ነው?

ሻጋታ እንደ እንጉዳይና እንደ እርሾ ሁሉ ከፈንገስ ወገን የሆነ ሕይወት ያለው ነገር ነው። ሊቃውንት ስፖር የሚሉት ዘሩ ከዓይን የተሰወረ ብናኝ ሆኖ በበጋም በክረምትም በአየር ላይ ይንሳፈፋል፤ ከዚህ ዘር ፈጽሞ የጸዳ መኖሪያ የለም። ምግቡም ቢሆን በየቤቱ ሞልቷል፤ አቧራ፣ ጭድ፣ እንጨት፣ ወረቀት፣ የመጽሐፍ ሙጫ፣ ቆዳና ጥጥ ሁሉ ለርሱ ማዕድ ናቸው። እንግዲህ ዘሩንም ምግቡንም ልንከለክለው ካልቻልን የምንከለክለው አንድ ነገር ብቻ ይቀራል፤ እርሱም ውኃ ነው። የዚህ ጽሑፍ ፍሬ ነገር በዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጠቃለላል፤ የቀረው ሁሉ ማብራሪያ ነው።

አየር ሊሸከም ከሚችለው የውኃ ተን ምን ያህሉን እንደ ተሸከመ የሚያሳየው መለኪያ አንጻራዊ እርጥበት ይባላል። በግድግዳው ገጽ ላይ ያለው አየር ከመቶ 80 ገደማ እርጥበት ሲደርስና በዚያው ሲቆይ ሻጋታ ይስፋፋል። ስለዚህ ባለሙያዎች የክፍላችን አየር ከመቶ 60 በታች እንዲሆን ይመክራሉ። የራሰ ነገርም ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ከደረቀ አብዛኛውን ጊዜ ሻጋታ አያበቅልም።

ነገሩ የመልክ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2009 ዓ.ም. ስለ እርጥበትና ስለ ሻጋታ ባወጣው መመሪያ፣ እርጥበት በበዛበት ቤት የሚኖሩ ሰዎች በአስም፣ በሳልና በሌሎችም የመተንፈሻ አካል ሕመሞች ይበልጥ እንደሚጠቁ ገልጿል። አራት ወይም ስድስት ሆነን በአንድ ክፍል በምንተኛበት ቦታ አንዱ ጓደኛችን አስም ያለበት ቢሆን፣ የኛ ቸልተኝነት በርሱ ትንፋሽ ላይ የሚወድቅ ዕዳ ነው።

አገራችንም በዚህ ረገድ አንድ ዓይነት አይደለችም። አዲስ አበባ በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናም ታገኛለች፤ ትልቁም ድርሻ ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ይወርዳል። ጅማ 1,500 ገደማ፣ ጎሬና አካባቢዋ ደግሞ ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር ያገኛሉ፤ በዚያም ዝናሙ ገና ከበልግ ጀምሮ ይዘልቃል። ከድሬዳዋ ወይም ከአፋር ወደ ጅማ ወይም ወደ መቱ ተመድቦ የሄደ ተማሪ፣ በአገሩ እንደ ለመደው ሻንጣውን ከግድግዳ አስጠግቶ በአልጋው ሥር ቢተወው ልብሱን በሻጋታ ተበልቶ ያገኘዋል። ይህም የሰነፍነቱ ሳይሆን የአገሩን ጠባይ ያለማወቁ ውጤት ነው።

ውኃው ከየት ይመጣል?

እርጥበት ወደ ቤት የሚገባባቸው መንገዶች ሦስት ናቸው።

1ኛ/ ከላይ፤ ይኸውም በተቀደደ ቆርቆሮ፣ በምስማር ቀዳዳ ወይም በቅጠል በተደፈነ አሸንዳ የሚገባው ነው። የጠርሙስ ብዛት ይህን አያስቀረውም። አሸንዳውን ከሰኔ በፊት መጥረግና ቀዳዳውን መድፈን ብቻ ያስቀረዋል።

2ኛ/ ከታች፤ የጭቃ ግድግዳም ሆነ ብሎኬት፣ የመብራት ክር ላምባን ወደ ላይ እንደሚስብ ሁሉ፣ ውኃን ከመሬት ይስባል። ከቤቱ ዙሪያ የሚቆፈር ቦይና ከመሠረቱ ሥር የተጠራቀመውን አፈር ማንሳት ለዚህ ዋነኛው መድኃኒት ነው።

3ኛ/ ከውስጥ፤ ይህ ብዙዎቻችን የማናስበው ነው። ስንተነፍስ፣ ሻይ ስናፈላ፣ የታጠበ ልብስ በክፍላችን ስናሰጣ፣ ወለሉን በባልዲ ውኃ ስናጥለቀልቅ፣ ውኃውን የምናመጣው እኛው ራሳችን ነን።

የትኛው እንደ ሆነ ለመለየት ቀላል ፈተና አለ። የፌስታል ቁራጭ ወስዶ በረጠበው ግድግዳ ላይ ዙሪያውን በፕላስተር አጥብቆ መለጠፍና ለሁለት ቀን መተው ነው። ከፌስታሉ ኋላ፣ በግድግዳው በኩል፣ ጠል ከተገኘ ውኃው የሚመጣው ከግድግዳው ውስጥ ነው። በፊት ለፊቱ፣ በክፍሉ በኩል፣ ከረጠበ ደግሞ ውኃው የክፍሉ አየር ነው። የመጀመሪያውን ለባለቤቱ ወይም ለጥገና ክፍል ማመልከት ይገባል፤ ሁለተኛውን ግን ዛሬውኑ እኛው ልናስተካክለው እንችላለን።

ለአየሩም ርካሽ መለኪያ አለን፤ ጨው። ንጹሕ የገበታ ጨው የአየሩ እርጥበት ከመቶ 75 ሲያልፍ ውኃ ስቦ መቅለጥ ይጀምራል። በሰሐን ላይ የተተወ አንድ ማንኪያ ጨው በማግሥቱ ረጥቦ ከተገኘ፣ ክፍሉ ወደ ሻጋታ ድንበር መቃረቡን ወይም ማለፉን ይነግረናል። ያልተጣራ ጨው ከዚያም ቀደም ብሎ ሊረጥብ ይችላል። እናቶቻችን በክረምት ጨውን ከምድጃው አጠገብ የሚያስቀምጡት ይህን ጠባዩን ዐውቀው ነው።

መስኮትን ስለ መክፈት

«በዝናም ጊዜ መስኮት ቢከፈት እርጥበት ይገባል» የሚል አሳብ በብዙ ሰው ዘንድ ጸንቶ ይኖራል። አሳቡ እውነት ይመስላል፤ ይሁን እንጂ በደጋ አገር ሲመረመር ብዙ ጊዜ ስሕተት ሆኖ ይገኛል። እስቲ እናስላው።

ርዝመቱ 4፣ ወርዱ 3፣ ከፍታው 2 ሜትር ተኩል የሆነ ክፍል 30 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። በ20 ዲግሪ ሙቀት አንድ ሜትር ኩብ አየር ሊሸከም የሚችለው የውኃ ተን ቢበዛ 17 ግራም ያህል ነው፤ ስለዚህ ክፍሉ በሙሉ ቢጠግብ የሚይዘው ወደ ግማሽ ሊትር ብቻ ነው። አንድ የተኛ ሰው ግን በትንፋሹና በላቡ በሰዓት 40 ግራም ገደማ ውኃ ያወጣል። አራት ሰዎች ስምንት ሰዓት ቢተኙ ከአንድ ሊትር በላይ ይሆናል። አየሩ ሊይዘው ያልቻለው ውኃ ወዴት ይሄዳል? መስኮትና በር ተዘግተው ካደሩ ወደ ቀዝቃዛው መስታወት፣ ወደ ግድግዳው ማዕዘን፣ ወደ ፍራሹና ወደ መጽሐፉ ይሄዳል።

አሁን ደግሞ የውጭውን አየር እንመልከት። በ10 ዲግሪ ብርድ ፈጽሞ የጠገበ አየር በአንድ ሜትር ኩብ የሚይዘው 9 ግራም ተኩል እንኳ አይሞላም። ይህ አየር ወደ ክፍላችን ገብቶ 20 ዲግሪ ሲሞቅ፣ ሊሸከም ከሚችለው ግማሹን ጥቂት አልፎ ብቻ ይሸከማል። እንግዲህ የክረምት ማለዳ አየር በውጭ እርጥብ ቢመስልም፣ ሞቅ ወዳለ ክፍል ሲገባ የሚያደርቅ አየር ነው። በርና መስኮትን በአንድነት ከፍቶ፣ ነፋስ ከዳር እስከ ዳር እንዲያልፍ፣ ጠዋትና ማታ አሥር አሥር ደቂቃ ማናፈስ ከብዙ ጠርሙስ መድኃኒት ይበልጣል። ስሌቱ ውጭው ከውስጡ ለሚቀዘቅዝበት ለደጋ አገር የሚሠራ ነው፤ ውጭውም ሞቃትና እርጥብ በሆነበት እንደ ጋምቤላ ባለ ቆላ ግን መስኮት መክፈት እንዲህ ያለ የማድረቅ ኀይል የለውም።

ከዚህ ጋር አልጋን፣ ቁም ሣጥንንና የመጽሐፍ መደርደሪያን ከግድግዳ አንድ ስንዝር ማራቅ ይገባል። የታጠበ ልብስ በክፍል ውስጥ ከሚሰጣ በረንዳ ወይም ጥላ ባለበት ስፍራ ቢሰጣ ይሻላል። ወለሉንም ውኃ ደፍቶ ከማጥለቅለቅ ይልቅ በደንብ በተጨመቀ መወልወያ መጥረግ ነው። ለዐውደ ዓመት የሚጎዘጎዘው ቄጤማ ያማረ ልማዳችን ነው፤ በክረምት ግን ጠውልጎ ሳይበሰብስ በማግሥቱ ይጠረግ።

የማጽጃዎቹ ነገር

ውኃው ከተከለከለ በኋላ የቀረው ሥራ የበቀለውን ማንሳት ነው። ለዚህ ዋናው ዕቃ ሳሙናና ለብ ያለ ውኃ ነው። ሻጋታን በደረቁ ማራገፍ ዘሩን በክፍሉ ሁሉ መዝራት ስለ ሆነ፣ በረጠበ ጨርቅ ከዳር ወደ መካከል እየጠረጉ ማንሳት፣ ጨርቁንም ደጋግሞ ማጠብ፣ በመጨረሻም ስፍራውን በደረቅ ጨርቅ ማድረቅ ያስፈልጋል። አፍና አፍንጫን መሸፈን፣ ጓንትም ማድረግ ይገባል፤ አስም ያለበት ሰው ግን ይህን ሥራ አይሥራ። የሻገተው ስፍራ ከአንድ ሜትር ካሬ የሚሰፋ እንደ ሆነ ነገሩ የሕንፃው ሕመም ነውና ለሚመለከተው ክፍል ይነገር።

አቼቶ፣ ማለትም ኮምጣጤ፣ በመስታወት፣ በሸክላ ንጣፍና በዘይት ቀለም በተቀባ እንጨት ላይ ይረዳል። ቀብቶ አንድ ሰዓት ያህል መተውና መጥረግ ነው። አሲድ ስለ ሆነ ግን እብነ በረድን፣ ሲሚንቶንና ኖራን ይበላል። ቤኪንግ ሶዳም እድፍን ለማሸትና ጠረንን ለመሳብ ይጠቅማል። ብዙ ሰዎች ሁለቱን ቀላቅለው ሲያረፉ ኀይል የተጨመረ ይመስላቸዋል፤ ይሁን እንጂ ኬሚስትሪ የተማረ ሁሉ እንደሚያውቀው አሲድና ቤዝ ሲገናኙ አንዱ ሌላውን ያጠፋል። ከአረፋው በኋላ የሚቀረው ጨውነት ያለው ውኃ ነው።

አመድን ደግሞ አያቶቻችን ዕቃ ያጥቡበት ነበር፤ ምክንያትም ነበራቸው። የእንጨት አመድ ፖታሲየም ካርቦኔት ስላለው ቅባትን ይፈታል። የተነፋ አመድ ለብረት ምጣድና ለቅባታም ዕቃ ዛሬም ያገለግላል፤ የአሉሚኒየም ድስትን ግን ያጠቁራል፤ ይጎዳልም።

ለግድግዳ ከሁሉ የሚበልጠው ኖራ ነው። ውኃ ጠጥቶ የበረደ ኖራ ጠባዩ ሻጋታ የማይወደው ብርቱ ቤዝ ነው። እንደ ፕላስቲክና እንደ ዘይት ቀለምም ግድግዳውን አያፍነውም፤ የገባው እርጥበት ተመልሶ እንዲወጣ ያደርጋል። በአየር ውስጥ ካለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር እየተዋሐደ ሲሄድ ይህ ኀይሉ ይደክማልና መታደስ ያስፈልገዋል። እንግዲህ ቤትን ለዐውደ ዓመት ምርጊቱን አድሶ ኖራ መቀባት ጌጥ ብቻ ሳይሆን የጤና ጥበብም ነበር። ሲቀባ ግን ከዓይን ይጠበቅ፤ ያቃጥላልና።

በረኪናን በተመለከተ እውነቱን ለመናገር፣ ፈጽሞ የሚጣል ነገር አይደለም። ለመጸዳጃ ቤትና ተሐዋስያንን ለመግደል በመጠን ቢሠራበት ይጠቅማል። ውኃ በሚመጥ ግድግዳ ላይ ግን የላይኛውን ቀለም አንጥቶ ውኃውን ወደ ውስጥ ያሰርጋል። ነጭ ስለ ሆነ የጠፋ ይመስላል፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላ እዚያው ይበቅላል። የሞተውም ሻጋታ ካልተጠረገ አስምን መቀስቀሱን አይተውም። ከሁሉ የሚከፋው ግን መቀላቀል ነው። በረኪና ከአቼቶ ወይም ከሎሚ ጋር ሲገናኝ የክሎሪን ጋዝ ይወጣዋል፤ ይህም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1915 ዓ.ም. በቤልጅግ አገር በኢፕር ጦር ሜዳ ወታደሮች የተፈጁበት ጋዝ ነው። አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋር ሲደባለቅም ክሎራሚን የሚባል ሌላ መርዝ ይሰጣል። በረኪናን ከውኃ በቀር ከምንም ጋር መቀላቀል አይገባም።

የእንዶድ ትምህርት

«የተፈጥሮ ነገር ሁሉ የማይጎዳ ነው» የሚል ሌላ ስሕተት አለ። ለዚህ መልስ የሚሆነን የራሳችን እንዶድ ነው። የእንዶድ ፍሬ ሳፖኒን የሚባል አረፋ ሰጪ ንጥረ ነገር ስላለው ሕዝባችን ከጥንት ጀምሮ ሸማና ጋቢ ሲያጥብበት ኖሯል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1964 ዓ.ም. ዶክተር አክሊሉ ለማ በዐድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች ባለው ወንዝ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት ተንሳፈው አዩ። ቀንድ አውጣው የቢልሃርዚያን ጥገኛ የሚያሸጋግር ስለ ሆነ፣ ከዚህ ትዝብት ትልቅ ምርምር ተወለደ። እርሳቸውና ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1989 ዓ.ም. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ቁም ነገር እንማራለን። አንደኛው፣ የእናቶቻችን ልማድ የሚናቅ ሳይሆን የሚመረመር ሀብት መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ ቀንድ አውጣን የገደለው ያው እንዶድ ዓሣንም የሚገድል መሆኑ ነው። ስለዚህ በእንዶድ ያጠበ ሰው እጣቢውን ወደ ወንዝ ሳይሆን ራቅ ወዳለ ደረቅ መሬት ያፍስስ፤ ዱቄቱም ዓይንና አፍንጫን ስለሚቆጣ ሲወቀጥ ይጠንቀቅ፤ መርዝነት ስላለውም ከሕፃናት እጅ ይራቅ። አንድን ነገር መልካም የሚያሰኘው ከፋብሪካ ወይም ከቁጥቋጦ መምጣቱ ሳይሆን፣ ምን እንደሚሠራና ወዴት እንደሚሄድ መታወቁ ነው።

ከሰልና ላምባ

እርጥበትን በእሳት ለማባረር የሚሞክሩም አሉ። ላምባ ሲነድ ግን አንዱ ሊትር ከአንድ ሊትር የማያንስ ውኃ በተን መልክ ወደ አየሩ ይለቃል፤ በተዘጋ ክፍል ላምባ ማንደድ እርጥበትን መጨመር ነው። ከሰል እንዲህ ያለ ብዙ ውኃ አይሰጥም፤ የሚሰጠው ግን ከውኃ የከፋ ነው። ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኀይል ከደማችን ሄሞግሎቢን ጋር ይጣበቃል። እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውኃ፣ በሙቀትና በእንቅልፍ አታልሎ ይገድላል። በር ዘግተው ከሰል አንድደው ተኝተው ስለ ቀሩ ሰዎች የሰማነው አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም። ስለዚህ በደንብ ባልተናፈሰ ክፍል ከሰል አይነድ፤ በተኛንበት ክፍል ግን ፈጽሞ አይነድ። የወይራ ጢስም የወተት ዕቃን ከብልሽት ይጠብቃል፤ የአስመኛን ሳንባ ግን ይጎዳል።

ጽዳቱን የሚሠራው ማን ነው?

እስካሁን ስለ ግድግዳና ስለ ጠርሙስ ተናገርን። አሁን ስለ ሰው እንናገር። በብዙ ሕንፃ መጸዳጃውንና ኮሪደሩን የሚያጸዱት ጓንት ሳይኖራቸው በረኪና የነከረው ውኃ ውስጥ እጃቸውን የሚከቱ ሴቶች ናቸው። ክፍላችንን አፍነን፣ እድፉን አከማችተን፣ በመጨረሻ «ጠንከር ያለ ነገር ይፈሰስበት» ስንል፣ ያ ጠንከር ያለ ነገር የሚገባው በነርሱ ሳንባ ነው። ከዚያም በቱቦው ወርዶ ወንዝ ይገባል፤ የአዲስ አበባ ቀበናም ሆነ አቃቂ የሚሸከመው ከየቤታችን የሚወጣውን ነው፤ ከታች ደግሞ በዚያ ውኃ አትክልት የሚያጠጣና ከብት የሚያሰማራ ወገን አለ። ስለ ሕዝብ መብትና ስለ አገር ዕድገት የምንከራከር ተማሪዎች ከገዛ ባልዲያችን የሚወጣው ወዴት እንደሚፈስ ባንጠይቅ፣ ክርክራችን ከአንገት በላይ ይሆናል።

ስለዚህ በየክፍሉ ልንስማማበት የሚገባው ብዙ አይደለም። ጠዋት መስኮት የሚከፍተው ማን እንደ ሆነ በተራ ይወሰን። የታጠበ ልብስ በመኝታ ክፍል አይሰጣ። የሚያፈስ ጣሪያና ቧንቧ በታየበት ቀን ይመልከት፤ በቃል ብቻ ሳይሆን በጽሑፍ። የተማሪዎች ማኅበራትም ለጽዳት ሠራተኞች ጓንትና የአፍ መሸፈኛ እንዲሰጥ፣ ልብስ ማስጫ ጥላም እንዲሠራ ይጠይቁ። የሻገተ መጽሐፍ ያለው በረንዳ ላይ አውጥቶ በጥላና በነፋስ ካደረቀው በኋላ በለስላሳ ብሩሽ ይጥረገው። ውስጡ ድረስ የሻገተ የስፖንጅ ፍራሽ ግን ታጥቦ አይድንምና ይለወጥ።

ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ የሻጋታ ጦርነት የሚጀመረው በነሐሴ ሳይሆን በግንቦት፣ አሸንዳ በመጥረግና ቦይ በመቆፈር ነው። መስከረም ሲጠባ ፀሐይዋ የምታገኘው ደረቅ ግድግዳ፣ የዳነ መጽሐፍና ያለ ሳል የተኛ ጓደኛ ከሆነ፣ ሥራችን ከንቱ አልሆነም።